የጎማን ዕድሜ ያራዘመ ሰው፦ ቻርልስ ጉድይር

ብዙዎቻችን ጉድይር የሚለውን ስም የምናውቀው በመኪና ጎማ ላይ ተጽፎ ስናየው ነው። ነገር ግን ይህ ስም የኩባንያ ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ ድኻ ሰው ስም እንደ ነበረ፥ ሰውየውም በሕይወቱ ሳለ አንድ የመኪና ጎማ እንኳ እንዳላየ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ጉድይር በዲሴምበር 29 ቀን 1800 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በኮኔቲከት ግዛት፥ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃና የእርሻ መሣሪያ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ልጁም ባደገ ጊዜ የአባቱ የንግድ ተካፋይ ሆነ። በ1824 ክላሪሳ ቢቸር የምትባለውን ልጃገረድ አገባ፤ ቆይቶም በፊላዴልፊያ የብረታ ብረት ሱቅ ከፈተ። ንግዱ ግን በ1830 ገደማ ወደቀ። በዚያ ዘመን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ይታሰር ስለ ነበር ጉድይርም ወኅኒ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ዕዳ ከጫንቃው አልወረደም።

በዚያን ጊዜ ላስቲክ አዲስ ነገር ነበር። ከደቡብ አሜሪካ ዛፎች የሚወጣው ወተት ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ሆኖ ስለ ተገኘ ጫማና ካፖርት ይሠራበት ጀመር። ነገር ግን በሙቀት ወራት እየቀለጠ ይጣበቃል፥ ይሸታልም፤ በብርድ ወራት ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በ1834 ጉድይር ኒው ዮርክ በሚገኝ የላስቲክ ዕቃ መደብር ውስጥ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ቀበቶ አየና የአየር መግቢያውን አሻሽሎ ሠርቶ አመጣ። የመደብሩም ኃላፊ ሥራውን ካደነቀ በኋላ፥ ችግሩ የአየር መግቢያው ሳይሆን ላስቲኩ ራሱ መሆኑን ነገረው፤ ገዢዎች የቀለጠባቸውን ዕቃ እየመለሱ ድርጅቱን ሊያከስሩት ተቃርበው ነበርና።

ጉድይር የኬሚስትሪ ትምህርት አልነበረውም፤ የነበረው እጁና ትዕግሥቱ ብቻ ነው። በዕዳ ታስሮ ሳለ እንኳ በወኅኒ ቤቱ ውስጥ ላስቲክ ይዳምጥ እንደ ነበር ይነገራል። ማግኔዢያ ቢቀላቅልበት መልካም መስሎ ታየ፤ የሠራው ጫማ ግን ሙቀት ሲመጣ ቀለጠ። ቀጥሎ በናይትሪክ አሲድ ቢያክመው መጣበቁን ተወ፤ በዚህም መንገድ ለመንግሥት 150 የፖስታ ከረጢቶች ሠራ። ነገር ግን አሲዱ የደረሰው ላዩን ብቻ ስለ ነበረ ከረጢቶቹም በሙቀት ተበላሹ።

ከዚህ በኋላ ናታንኤል ሄይዋርድ የተባለ ሠራተኛ ላስቲክን ከዲን ጋር ያደባልቅ እንደ ነበር ተረድቶ መብቱን ገዛው። በ1839 ዉበርን በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ሳለ፥ ዲን ያለበት ላስቲክ የጋለ ምድጃ ነካ። ይቀልጣል ሲባል እንደ ቆዳ ከሰል መሰለ፤ በዳርና ዳሩ ግን እንደ ልብ የሚሳብና የማይጣበቅ ሆኖ ተገኘ። ይህን ድንገተኛ ነገር ያየ ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ በጣለው ነበር። ጉድይር ግን አምስት ዓመት ያህል ይፈልገው ስለ ነበር አወቀው።

ሆኖም ምን ያህል ሙቀት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀበት። በዚያ ጊዜ ቤተ ሰቡ ተራበ፤ ከልጆቹም ገና በሕፃንነታቸው የሞቱበት ነበሩ። ለምግብና ለሥራው የሚሆን ገንዘብ ባጣ ጊዜ የልጆቹን የትምህርት መጻሕፍት እንኳ ሸጠ። እኛ ተማሪዎች ይህን ስናነብ ልንፈርድበትም ልናመሰግነውም እንቸገራለን፤ ዓለም የተጠቀመበትን ሥራ ዋጋ ቀድመው የከፈሉት ሚስቱና ልጆቹ ናቸውና።

የአሜሪካን የፈጠራ መብት በጁን 15 ቀን 1844 አገኘ። በእንግሊዝ አገር ግን ቶማስ ሃንኮክ ቀድሞት ነበር። በአሜሪካም ብዙ ሰዎች መብቱን ስለ ነጠቁት በ1852 ዳንኤል ዌብስተር የተባለው ስመ ጥር ጠበቃ ተከራክሮለት ረታ። በ1855 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራውን አሳየ፤ በዚያው ከተማ የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸለመ፥ በዚያው ከተማም በዕዳ ታሰረ። በጁላይ 1 ቀን 1860 በኒው ዮርክ ሲሞት 200,000 ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት። በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ በ1898 በአክሮን፥ ኦሃዮ ሲቋቋም ለመታሰቢያው ብቻ ስሙን ወሰደ እንጂ ከቤተ ሰቡ ጋር ዝምድና የለውም።

ጉድይር ያገኘው ነገር ምንድን ነው ቢባል፥ ላስቲክ እንደ ረጃጅም ክሮች ያለ ነው፤ ዲን በሙቀት ኃይል ክሮቹን እርስ በርሳቸው ያስራቸዋል። ስለዚህ ሲሳብ ይዘረጋል፥ ሲለቁት ይመለሳል። ይሁን እንጂ ይህ እስራት ዘላለማዊ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንና ኦዞን፥ ፀሐይና ሙቀትም ጎማውን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፥ ይሰነጣጥቁታልም።

ይህ ነገር በተለይ የሚያሰጋው በውስጣቸው መኝታና ማብሰያ ያላቸውን፥ በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች ለሽርሽር የሚጓዙባቸውን ትላልቅ መኪናዎች ነው። እነዚህ በዓመት ጥቂት ጊዜ ተነድተው ለብዙ ወራት ይቆማሉ። ጎማው ውስጥ የተቀላቀለው መከላከያ ሰም ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ስለ ሆነ የቆመ ጎማ ሳይሠራ ያረጃል። ጥርሱ ጥልቅ ሆኖ ሲታይ ባለቤቱ አዲስ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡን ጭኖ በትኩስ አስፋልት ላይ ሲሄድ ሊፈነዳበት ይችላል።

ስለዚህ ዕድሜውን በዓይን ከመገመት ማንበብ ይሻላል። በአሜሪካ ደንብ በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ብዙ ጎማ ሠሪዎች ከአምስት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ባለሙያ እንዲያየው፥ በአሥር ዓመት ግን ያማረ ቢመስልም እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎችም ከስድስት ዓመት እንዳያልፍ ይላሉ። የሚለውጥ ሰው መኪናውን ውሃና ዕቃ እንደ ጫነ አስመዝኖ ያንን ክብደት የሚችል ጎማ ይምረጥ፤ ከመግዛቱም በፊት የተሠራበትን ቀን ይመልከት፤ መጠባበቂያውንም ጎማ አይርሳ፥ እርሱም ተቀምጦ ያረጃልና።

በአገራችንም ጎማ የሚያሠራ ሁሉ፥ ጎሚስታው ነፋስ ሲሞላለት እነዚያን አራት ቁጥሮች ቢያነብ ደቂቃ አይፈጅበትም። ወላጆቻችን ሆይ፥ በሚቀጥለው መንገዳችሁ እንድትሞክሩት እንለምናችኋለን።