አባ ጎርጎርዮስና የጂኦግራፊ ትምህርት

ጂኦግራፊ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ስለ ምድር መጻፍ ማለት ነው። ትምህርቱም በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይከፈላል። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጂኦግራፊ ሲሆን ተራራውን፣ ወንዙን፣ የአየሩን ጠባይ፣ አራዊቱንና ዕፅዋቱን ይመረምራል። ሁለተኛው የሰው ጂኦግራፊ ነው፤ ይኸውም ሕዝብ የት እንደ ሰፈረ፣ ምን እንደሚያመርትና እንዴት እንደሚነግድ ያጠናል። የሁለቱም መሣሪያ ካርታ ነው። ከዚህ ትምህርት ጋር ስማቸው ሊነሣ ከሚገባቸው ኢትዮጵያውያን አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በዛሬው ወሎ ምድር በመካነ ሥላሴ ተወለዱ። የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ስለ ነበር፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካስወጡ በኋላ እሳቸውም አገራቸውን ለቀው ኋላ ሮማ ገቡ። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ባለው በኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀመጡ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1649 ዓ.ም. ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደ ገዳሙ መጣ። ግእዝን የተማረው ከመጻሕፍት ብቻ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግእዙን አቃኑለት፤ አማርኛም አስተማሩት። በ1652 ዓ.ም. ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ ጀርመን አገር አስጠራቸው። በዚያም ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ አውራጃዎች፣ ወንዞች፣ እንስሳትና ስለ ሕዝቡ ልማድ ሲጠይቅ እሳቸው ይመልሱ፣ እሱም ይጽፍ ነበር።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ካርታዎች ኢትዮጵያን ከምድር ወገብ በታች አሳልፈው ይዘረጓት፣ የዓባይንም ምንጭ በሩቅ ደቡብ ያደርጉት ነበር። ሉዶልፍ በ1683 ዓ.ም. ያወጣው ካርታ ግን አገራችንን ከምድር ወገብ በስተሰሜን አኖራት፤ ዓባይም ከጎጃም ፈልቆ፣ በጣና በኩል አልፎ፣ ጎጃምን ሲዞር አሳየ። ለዚህ ሥራ የፖርቱጋል ሚሲዮናውያን ጽሑፍና የአባ ጎርጎርዮስ ቃል አብረው ጠቀሙት።

አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ካርታ አላዩም። በ1658 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መርከባቸው በሜዲቴራኒያን ባሕር፣ በእስክንድሩን አጠገብ ተሰብሮ ሰጠሙ። ካርታው የወጣው ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ሉዶልፍ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም የወጣው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 ዓ.ም. ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ። አባ ጎርጎርዮስ የምድር መለኪያ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ አገራቸውን ግን ያውቁ ነበር። ጠያቂና ጸሓፊ ባያገኙ ኖሮ ዕውቀታቸው ከመርከቡ ጋር በሰጠመ ነበር። እኛም የመርካቶ ተማሪዎች በእህል በረንዳና በሸማ ተራ ስናልፍ፣ ጤፉ ከየትኛው አውራጃ፣ ጥጡ ከየትኛው ቆላ እንደ መጣ የሚያውቁ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉን። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ እነርሱ በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ የሰማነውንም እንጻፍ።