የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርና የገቡት ውል

በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር፣ በዋሂልና ዋሂልን በመሰሉ ቀበሌዎች ያደገ ተማሪ የጨለንቆን ስም ሳይሰማ አይቀርም። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን የሐረሩ አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ሜዳ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ገጠሙ። አሚሩ አስቀድሞ እንዲገብሩ ተጠይቀው እምቢ ብለው ነበርና ነገሩ በጦር አለቀ። ብዙ ሰው ወደቀ፤ ሐረርም ተያዘች፤ በአሚሩም ፈንታ ኋላ ራስ የተባሉት መኮንን ወልደ ሚካኤል ተሾሙባት።

ይህ ታሪክ ለሐረርጌ ልጅ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ በአገራችን ደቡብ ምዕራብ፣ ያው ጥያቄ ለሌላ ሙስሊም ንጉሥ ቀርቦ ሌላ መልስ አግኝቶ ነበር። ያ ንጉሥ የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ጦር ከመምዘዝ ይልቅ ውል ገቡ፤ በውላቸውም ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አገራቸውን አቆዩ። ዛሬ የእኒህን ሰው ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው ሰውየውን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ከእርሱ ከሚበረታ መንግሥት ጋር የሚገባው ውል በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚፈርስ ሕይወታቸው ጥሩ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

አባ ጅፋር በ1853 ዓ.ም. ገደማ በጅሬን ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ አባ ጎሞል፣ እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ ይባላሉ። ከእርሳቸው አስቀድመው የነገሡት ቀዳማዊ አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት የመሠረቱ ሰው ነበሩ። በጊቤ ወንዝ አካባቢ በ19ኛው መቶ ዓመት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ቆመው ነበር፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። ከአምስቱም መካከል ጅማ በጊዜው ብዛት ከሁሉ በልጣ ወጣች። አባ ጅፋር የሚለው መጠሪያ የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት ማለት ነው።

አባ ጎሞል በ1870 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ ልጃቸው ዙፋኑን ወረሱ። ዕድሜያቸው ከዛሬው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጢማቸው ሳያድግ የመንግሥት ሸክም በወደቀባቸው በዚያ ጊዜ ዋነኛ አማካሪያቸው እናታቸው ጉሚቲ ነበሩ። ንግሥቲቱ ነገር አዋቂና አርቀው ተመልካች እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል።

ዘመኑ ክፉ ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት ከዓባይና ከጊቤ ማዶ ባለው ሀብታም አገር ላይ ነበር። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ማሩ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የጠመንጃ መግዣም ይኸው ነበር። በ1874 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሥታት በእምባቦ ገጥመው ምኒልክ ድል አደረጉ፤ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር የሚፎካከራቸው አልነበረም፤ የጦር አለቃቸው ራስ ጎበና ዳጬ ምዕራቡን አገር አንዱን በውጊያ፣ ሌላውን በድርድር እያስገበሩ ገሰገሡ።

ወጣቱ የጅማ ንጉሥ በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ነበራቸው። ጦራቸው ብዙ፣ ፈረሰኛቸውም የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ጠመንጃ ካለው ሠራዊት ጋር በጦርና በጋሻ መግጠም ፍጻሜው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። የጅማ ሽማግሎች ሲያወሩ እንደ ኖሩት፣ በሰላም ይገበር የሚለውን ምክር አጥብቀው የያዙት እናታቸው ነበሩ። አባ ጅፋርም ምክሩን ተቀበሉ፤ በ1870ዎቹ አጋማሽም ለምኒልክ ገበሩ።

ውሉ በአጭሩ የሚከተለው ነበር። ጅማ በየዓመቱ ለሸዋ መንግሥት ግብር ትልካለች፤ ዘመቻ ሲኖርም ጦር ታሰልፋለች። በምትኩ የጅማ ንጉሥ በዙፋናቸው ይቆያሉ፤ የአገሩን ሹማምንት የሚሾሙት፣ የሚዳኙትና ቀረጥ የሚያስከፍሉት እርሳቸው ይሆናሉ፤ ነፍጠኛ ጅማ ገብቶ በገበሬው ላይ አይተከልም፤ ቤተ ክርስቲያንም በአገሩ አይሠራም። ከምዕራብ ገዢዎች እንዲህ ያለ ስምምነት ያገኙ ሌሎችም ነበሩ፤ የለቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ፣ የቄለሙም ጆቴ ቱሉ በሰላም ገብረው ግዛታቸውን ይዘው ኖረዋል። ይሁን እንጂ ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሲባሉ፣ አባ ጅፋር ግን እስልምናቸውንም የንጉሥነት ክብራቸውንም እንደ ያዙ ቀሩ።

ውሉ ያስገኘው ጥቅም በዓይን የሚታይ ነበር። በዙሪያው ያለው አገር በዘመቻ ሲታመስ ጅማ በሰላም አረሰች፤ ነገደች። ገበሬው ለነፍጠኛ ገባር አልሆነምና ከአጎራባች አገሮች ብዙ ሰው ወደ ጅማ ፈለሰ። የሕርማታ ገበያ ከደቡብ ምዕራብ ገበያዎች ሁሉ የላቀ ሆነ፤ ከሰሜንም ከምሥራቅም ነጋዴዎች ይመላለሱበት ነበር። የቡና ተክል ተስፋፋ። የእስልምና ትምህርትም በረታ፤ ጅማ ከሩቅ አገር ደረሶች የሚመጡባት የዕውቀት ስፍራ ሆነች። ንጉሡ ለሐጅ ለሚሄዱ ሰዎች በመካ ማረፊያ ቤት አሠርተው ነበር። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል።

ይሁንና የሰውን ሕይወት የሚጽፍ ሰው የወደደውን ብቻ አይጽፍም። የጅማ ሰላም ዋጋ ነበረው፤ ከዋጋውም እኩሌታውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። ውሉ ጦር ማሰለፍን ስለሚያዝ በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ በጦና ላይ ሲዘምቱ የጅማ ጦር አብሮ ዘመተ። የወላይታ ዘመቻ በዚያ ዘመን ከተደረጉት ሁሉ እጅግ ብዙ ደም የፈሰሰበት መሆኑ የታወቀ ነው። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋው ንጉሥ በጋኪ ሸሮቾ ላይ ሲዘምቱም የጅማ ሰዎች ከሠራዊቱ ጋር ነበሩ። ጅማን ከጥፋት ያዳነው ውል በወላይታና በከፋ ላይ ጦር ሆነ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የሕርማታ ገበያ ቡናና ጨው ብቻ የሚሸጥበት አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ንጉሡና መኳንንቱ ብዙ ባሪያ ነበራቸው፤ ከባሪያ ንግድ የሚገኘውም ትርፍ ለአገሩ ብልጽግና አንዱ ምንጭ ነበር። ይህን መሸሸግ አይገባንም። በእርግጥ በዚያ ዘመን ባሪያ ያልነበረው የኢትዮጵያ መኳንንት ወገን ጥቂት ነው፤ የሌላው ጥፋት ግን የአንዱን ጥፋት አያነጻም።

አሁን ወደ ውሉ ዕድሜ እንመለስ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ስምምነቱ አብሯቸው አልሞተም። በልጅ ኢያሱም በንግሥት ዘውዲቱም ዘመን አባ ጅፋር ግብራቸውን እየላኩ በዙፋናቸው ቆዩ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች በአንድነት እየተለወጡ ሄዱ። አንደኛው የንጉሡ ጉልበት ነው፤ አረጁ፣ ታመሙ፣ ሥራውም ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆብር አባ ዱላ እጅ ገባ። ሁለተኛው የማዕከላዊው መንግሥት አሳብ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ ማግሥት፣ በሐምሌ 1923 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ። አዲሱ አሠራር አንድ ግምጃ ቤት፣ አንድ ሕግ፣ ከመሐል የሚሾም አገረ ገዢ የሚል ነበር። በዚህ አሠራር ውስጥ የራሱ ንጉሥ ያለው ጅማ ቦታ አልነበረውም። የጅማ ቡናም የሚያስገኘው ገቢ የሚያስመኝ ነበር።

በ1924 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው ወታደር አስከትለው ጅማ ገቡ፤ አባ ጆብርም ተያዙ። ሽማግሌው ንጉሥም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዚያው በ1932 ዓመት አረፉ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ስምምነት እንዲህ አበቃ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አባ ጆብርን ከእስር አውጥቶ ሱልጣን አላቸው። የወራሪው ዓላማ ወንድማማቾችን መለያየት እንደ ነበረ ግልጥ ነው፤ ነገር ግን መሐሉ ያፈረሰው ቃል ለጠላት መግቢያ በር እንደ ሆነለት ማስተዋል ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለ ምን ፈረሰ ቢባል፣ በእኛ አሳብ ምክንያቱ አንዱ ወገን ክፉ፣ ሌላው ደግ ስለ ነበረ አይደለም። ውሉ የቆመው በሁለት ገዢዎች ቃልና በየዓመቱ በሚላከው ግብር ላይ ነበር። ቃሉ ቢጣስ አቤት የሚባልበት ሸንጎ፣ መካከል ገብቶ የሚዳኝ ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ደግሞም ውሉን የገቡት ነገሥታቱ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። የጅማ ገበሬ በውሉ ተጠቀመ እንጂ ውሉን አልያዘውም፤ ስለዚህ ንጉሡ ሲደክሙ ውሉን ይዞ የሚሟገትለት አልተገኘም።

በሌላው ዓለም የተደረገውን ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በኒውዚላንድ የማኦሪ አለቆችና የእንግሊዝ መንግሥት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 የዋይታንጊን ውል ተፈራረሙ። የእንግሊዝኛውና የማኦሪው ጽሑፍ አሳባቸው ስላልተስማማ ክርክር በዛ፤ ውሉም ለብዙ ዘመን ተጣሰ። ዳሩ ግን ወረቀቱ ነበረና የማኦሪ ልጆች ወረቀቱን ይዘው ተከራከሩ፤ በ1975ም የዋይታንጊ ሸንጎ ተቋቁሞ አቤቱታቸውን መስማት ጀመረ። በአውስትራሊያ ደግሞ ጆን ባትማን የሚባል ሰው በ1835 ዛሬ ሜልበርን በሚባለው ስፍራ ከነባሮቹ ሽማግሎች ጋር የተዋዋለውን ውል አገረ ገዢው በዚያው ዓመት ሻረው። በዚያው አገር፣ ዛሬ ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ምክር ቤቱ ከነባር ሕዝቦች ጋር የሚደረገውን ውል በሕግ ያጸደቀው በ2025 ነው። በሁለቱ መካከል 190 ዓመት አለፈ። ሁለተኛው ውል ከፊተኛው የሚለየው በአንድ ግለሰብ ፈንታ መንግሥት ስለ ተዋዋለው፣ በነባሮቹም በኩል ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው እንደራሴዎች ስለ ተደራደሩበት ነው።

እኛ በአባ ጅፋር ዕድሜ ሳለን እንዲህ ያለ ፈተና ቢገጥመን ምን እናደርግ ነበር ብለን ራሳችንን መጠየቃችን አልቀረም። የጨለንቆው አሚር ተዋግተው ተሸነፉ፤ የጅሬኑ ንጉሥ ተዋውለው ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተሸነፉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በጅማ በዚያ ሁሉ ዓመት ልጅ ተወልዷል፣ ቡና ተተክሏል፣ ቁርአን ተቀርቷል፤ በሰላም ያረጀ ሰው ብዙ ነው። ይህን ያስገኘ ሰው ብልህ መባል ይገባዋል። የወላይታና የከፋ ሰው ግን ይህን ብልህነት በሌላ ዓይን ቢያየው አንፈርድበትም።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ወጣት ሹም በየቀኑ ለሰው ቃል ይሰጣል። መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ ካሣ፣ ግጦሹን ለሚያካፍል አርብቶ አደር ውኃ፣ ለመንደር ሽማግሌ መንገድ ይሰጣል ብሎ ይፈርማል። በዋሂልም ሆነ በጅሬን ያለው ሕዝብ ቃሉን የሚቀበለው ሹሙን በማመን ነው፤ ሹሙ ግን ነገ ይዛወራል። በእርሱ ወንበር የሚተካው ሰው ፋይሉን ገልጦ የፊተኛውን ቃል እንደ ራሱ ቃል ካልቆጠረው፣ ሕዝቡም አቤት የሚልበት በር ካላገኘ፣ የተደረገው ውል ሳይሆን የአንድ ሰው ቸርነት ነበር ማለት ነው። ቸርነት ደግሞ ከቸሩ ሰው ጋር ይሄዳል። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር የገቡት ስምምነት ከአባ ጅፋር ጋር እንደ ተቀበረ አንርሳ።