የአንዲት ቅጂ ውለታ፤ የቢል ገን ሕይወትና ሥራ

በጎንደር ደጋም ሆነ በሳንጃና በመተማ ቆላ ሲነገር የኖረው የቡዳና የጅብ ተረት አድማጭን ከማስፈራት ያለፈ ሥራ ነበረው። ቡዳ ሰውን በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊትም ጅብ ይሆናል ይባላል። ወሬው ግን ለብዙ ዘመን ያረፈው በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋና በቤተ እስራኤሉ ላይ ነው። ስለዚህ አስፈሪ ተረት ኅብረተሰቡ ማንን እንደሚፈራና ማንን እንደሚንቅ ያሳያል። ተረቱን የሚያወራው ፈሪው ወገን ሳይሆን የተፈራው ወገን ሲሆን ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ይህን ግልበጣ በፊልም ጥበብ ከሞከሩት ሰዎች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ቢል ገን ነበር።

ዊልያም ሃሪሰን ገን በፊላዴልፊያ ከተማ ተወለደ። እናቱ ራሷ የቴአትር ሰው ስለነበረች ከመድረክ ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። በአሜሪካ ባሕር ኀይል ካገለገለ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ተዋናይ ሆነ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ከጄምስ ዲን ጋር በብሮድዌይ ቴአትር ሠራ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ክፍል ጠባብ ነበርና ገን ወደ ድርሰት አዘነበለ። በ1964 ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳተመ። በ1970 ሃል አሽቢ ያዘጋጀውን «ባለ ርስቱ» የተባለ ፊልም ድርሰት ጻፈ። በዚያው ዓመት ዋርነር ብራዘርስ «ቁም» የሚባለውን ፊልም በዲሬክተርነት እንዲሠራ ሰጠው፤ በዚህም ለትልቅ የሆሊውድ ድርጅት ፊልም ካዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ለመሆን በቃ። ድርጅቱ ግን የተጠናቀቀውን ፊልም ለሕዝብ ሳያሳይ አስቀረው።

በ1972 ደም መጣጭ ጥቁር መስፍንን የሚያሳየው «ብላኩላ» ብዙ ገቢ አገኘ። ኬሊ ጆርዳን የተባለው ድርጅትም ተመሳሳይ ፊልም በመፈለግ ለገን 350,000 ዶላር ያህል መደበለት። ገን ሥራውን ተቀበለ፤ ባለገንዘቦቹ በጠበቁት መልክ ግን አልሠራውም። «ጋንጃና ሄስ» በተባለው በዚህ ፊልም ውስጥ ዶክተር ሄስ ግሪን የሚባል ባለጸጋ ጥቁር ምሁር፣ ደም ይጠጣ ስለነበረ አንድ የጥንት አፍሪካዊ ሕዝብ ያጠናል። ረዳቱ ከዚያ ሕዝብ ዘመን በተረፈ ጩቤ ወግቶት ራሱን ይገድላል። ሄስ ከዚያ ወዲህ መሞት ይሳነዋል፤ የማይረካ የደም ጥምም ይይዘዋል። ባሏን ፍለጋ የመጣችው የረዳቱ ሚስት ጋንጃ ሄስን ታገባለች፤ እርግማኑንም ትካፈላለች። በመጨረሻ ሄስ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ገብቶ በመስቀል ጥላ ሥር ሞትን በፈቃዱ ይቀበላል፤ ጋንጃ ግን መኖርን ትመርጣለች።

የደሙ ጥም የሱስ ምሳሌ ነው፤ ከዚያም አልፎ ጥቁሩ ባለጸጋ ከአፍሪካ በወረሰው ትዝታና በክርስትናው መካከል ተይዞ የሚሠቃይበትን ጭንቀት ያመለክታል። የሄስን ክፍል የያዘው ዱዌን ጆንስ በ1968 በወጣው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ፊልም ዋና ተዋናይ የነበረ ነው። ጋንጃን ማርሊን ክላርክ፣ ረዳቱን ደግሞ ራሱ ገን ተጫወቱ። ሙዚቃውን የደረሰው የዘፋኟ የኒና ሲሞን ወንድም ሳም ዌይመን ነው።

ፊልሙ በ1973 በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በሐያስያን ሳምንት ታይቶ ተመሰገነ። በኒውዮርክ ግን ብዙዎቹ ጋዜጦች ነቀፉት፤ ከሲኒማ ቤትም ቶሎ ወረደ። ገን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለኒውዮርክ ታይምስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ነጮቹ ሐያስያን የጥቁርን ሥራ በቅን መንፈስ ለመመልከት ያልፈቀዱ መሆናቸውን ገልጦ ወቀሳቸው። ከዚህ የባሰው በደል ግን የመጣው ከባለንብረቶቹ ነበር። ፊልሙ ለሌላ ድርጅት ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤትም ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋውን ሥራ ቆራርጦ 78 ደቂቃ አደረገው፤ «የደም ጥንዶች» በሚልና በሌሎችም ስሞች አከፋፈለው። ገን ስሙ ከተቆራረጠው ፊልም እንዲነሣ አደረገ። ሕጉ ለገዢው እንጂ ለደራሲው ስላልወገነ ከዚህ የበለጠ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም።

ሥራውን ከመጥፋት ያዳነው በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የተቀመጠው ያልተነካ ቅጂ ነው። ሙዚየሙ በየጊዜው ስላሳየው ፊልሙ ቁጥራቸው አነስተኛ ይሁን እንጂ ፍቅራቸው የጸና ተመልካቾችን አፈራ። በ1998 ሙሉው ሥራ በዲቪዲ ወጣ፤ ሙዚየሙ ካደሰው በኋላም በ2018 እንደገና ለተመልካች ቀረበ። በ2014 ስፓይክ ሊ ታሪኩን በአዲስ መልክ ሲቀርጸው የገንን ስም በደራሲነት አስፍሯል። በአዋጪነት ተመዝኖ የተጣለው ፊልም ዛሬ ከጥቁር አሜሪካውያን ሲኒማ ዐበይት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ገን ግን ይህን ክብር ለማየት አልታደለም። ከ1973 በኋላ ትልልቆቹ ድርጅቶች ፊልም እንዲያዘጋጅ ዕድል አልሰጡትም። ቴአትርና ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1980 ከደራሲው ኢሽሜል ሪድ ጋር «የግል ችግሮች» የሚባል ተከታታይ ድራማ በርካሽ የቪዲዮ ክር ቀረጸ፤ በ1982 በካትሊን ኮሊንስ ፊልም ከዱዌን ጆንስ ጋር ተጫወተ። ሚያዝያ 5 ቀን 1989 በአንጎል ብግነት ሕመም አረፈ። «የተከለከለችው ከተማ» የተባለው ቴአትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

የገን ዕጣ ለኢትዮጵያውያን የፊልም ሰዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1967 ከአገራቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርሱ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊቱን አዙረውበት ነበር። እርሳቸው ግን ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ ፊልሙን በየከተማው አሳዩ፤ በ1996 ደግሞ በዋሽንግተን የራሳቸውን የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ገን ያጣውን ሥልጣን፣ ማለት በገዛ ሥራ ላይ የማዘዝ መብትን፣ ኃይሌ በዚህ መንገድ አስጠበቁ።

በአገራችን ፊልም የሚሠራ ሁሉ ከዚህ ሕይወት ሊወስደው የሚገባ ቁም ነገር አለ። ውሉን የሚፈርመው ሰው የመቁረጥ መብት የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ፤ ሥራው ሲያልቅም አንድ ሙሉ ቅጂ ከገበያ ውጭ፣ በታመነ ቤተ መዛግብት ያኑር። ገበያው በአንድ ሳምንት የጣለውን ፊልም ለዛሬው ተመልካች ያደረሰው በመደርደሪያ ላይ የቆየ አንድ ቅጂ ነውና።