የኮሶ ሻጯ ልጅ

የማኅበራችን የቁጠባ መዝገብ ሲገለጥ ከእያንዳንዷ አባል ስም ጎን የሥራዋ ዓይነት ተጽፏል፦ እንጀራ መሸጥ፣ ጉሊት፣ ጠላ መጥመቅ፣ ልብስ ማጠብ። እዚህ ሳንሱሲ በእነዚህ ሥራዎች ስንት ቤት እንደቆመ እናውቃለን። ባለፈው ስብሰባችን ግን አንዲት እህታችን፣ ልጇ በእናቱ ሥራ ስለተሰደበ ትምህርት ቤት መሄድ እንዳስጠላው ስትነግረን ሁላችንም ዝም አልን። ነገሩ የብዙዎቻችን ቤት ነገር ነውና። ስለዚህ በእናቱ ሥራ የተሰደበ የአንድ ሌላ ልጅ ታሪክ ልናስታውሳችሁ ወደድን።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ጎንደር ገብተው ችግር ቢጸናባቸው ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ኮሶ በዚያ ዘመን ትልቁም ትንሹም የሚፈልገው መድኃኒት ነበር፤ ሻጯ ግን ትናቅ ነበር። ወሬው የጠላት ፈጠራ ነው የሚሉም አሉ። እውነትም ሆነ ሐሰት፣ ስድቡ ካሳን ዕድሜ ልኩን ተከተለው።

ለትምህርት የገባበት ገዳም ደግሞ በጦረኞች ተወርሮ ብዙ ልጆች ሲያልቁ እሱ አመለጠ። ከዚያ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ በኋላም ሸፈተ። ደፋር፣ ለጋስ፣ ኩሩና ግልፍተኛ ሰው ወጣው። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዞ ሊመጣ ፎክሮ ቢዘምት ተሸንፎ ተማረከ፤ ካሳም ኮሶ አጠጣው ይባላል። ይህን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን ስቀናል። ነገር ግን የጦር አለቃ ከሆነ በኋላም ያ የተሰደበው ልጅ ውስጡ እንደነበረ ስናስብ ሳቁ ይጠፋብናል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ደከሙ፤ መድፍ አሠሩ፤ መቅደላ ላይ መጻሕፍት ሰበሰቡ። በዚያን ጊዜ ቁጣቸውን የሚያበርዱላቸው ሰዎች ነበሩ። አንዷ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ናቸው፤ የራስ ዓሊ ልጅ ቢሆኑም ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው የታመኑ ሴት ነበሩ። ሌላው እንግሊዛዊው ወዳጃቸው ጆን ቤል ነው። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ቤልም በ1853 ዓ.ም. በጦርነት ሞተ።

ከዚያ በኋላ የንጉሡ ቁጣ የሚመልሰው አጣ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ሁሉንም በልጅነት አናሳብብም። ዓመፁ፣ ከካህናቱ ጋር የተነሣው ጠብ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ዝምታ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ላለፈ ሰውም የበሽታ ስም አናወጣም። የተሰደበ ልጅ ሁሉም እንዲህ አይሆንም፤ የሰው ጠባይ ይለያያል። አንድ ነገር ግን እናስተውላለን፤ የልጅነት ቁስል ዘውድ ሲጫንበትም አይድንም፣ የሚያዳምጥ ሰው ሲገኝ ግን ይበርዳል።

እህቶቻችን፣ ልጃችሁ ተሰድቦ ሲመጣ ምን ነካህ ብላችሁ አትቆጡት። አስቀምጡትና አዳምጡት። ሥራችሁ ምን እንደሆነ፣ በሱ ምን እንደገዛችሁለት ንገሩት። ከእናንተም እንቅልፍ ያጣች፣ መኖር ያስጠላት ካለች ለብቻዋ አትያዘው፤ ለእኛ ትንገረን፣ ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል አብረናት እንሄዳለን።

የእህታችንን ልጅ ሰኞ ጠዋት ሁለታችን ሸኘነው። እስከ በሩ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም። ማክሰኞ ግን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

ወይዘሮ አትጠገብ ዛሬ ቢኖሩ መዝገባችን ላይ ኮሶ መሸጥ ብለን በክብር እንጽፍላቸው ነበር።