ለወጣት ተመራማሪዎች መንገድ የከፈቱት ዶክተር አክሊሉ ለማ

ጉበትን ክፉኛ በሚጎዳው የቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ባካሄዱት ምርምር የሚታወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተዋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአገራቸው ቤተ ሙከራ የሚሠሩበት ማዕከል ሆኗል።

የእንዶድ ግኝት በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ዓመታት ቢፈጅም፣ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ምርምሩን ቀጥለው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተጋርተዋል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ያረፉ ሲሆን ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በመቱና በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች በጤናው መስክ ለተሰማሩ ወጣት ባለሙያዎችም የሕይወት ታሪካቸው የሚያስገነዝበው የአካባቢን ችግር በቅርበት ማስተዋል የምርምር መነሻ መሆኑን ነው።