እቴጌ ምንትዋብ፦ ዙፋኑ ከእጃቸው ወጣ፣ አደራቸው ግን ቆየ

ጎንደር የሄደ ሁሉ የፋሲልን ግንብ ሳያይ አይመለስም። ከከተማው ወጣ ብሎ በተራራው ግርጌ ያለውን ቁስቋምን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፎቶ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ቦታውን ስላቆሙት እቴጌ ነው፤ በተለይ ደግሞ ሳይሞቱ በፊት ለሀብታቸው እንዴት መልክ እንዳስያዙለት። (ዓ.ም ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ምንትዋብ የቋራ ልጅ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። አፄ በካፋን አገቡ። በ1730 በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቲቱ ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መግዛት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1732፣ ሌላ ልዑል ለማንገሥ የተነሱ ሰዎች ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። እቴጌይቱ ያንን ቀን ቢያልፉትም፣ ሥልጣን በአንድ ሌሊት ሊገለበጥ እንደሚችል በዓይናቸው አይተዋል።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት የግብፅ ቦታ የተወሰደ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ለራሳቸው መኖሪያ ግንብም ሠሩ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከድንጋዩ ይልቅ መሬቱ ላይ ነው። ያኔ ደብር የሚተከለው ከነመተዳደሪያው ነበር። ግብር የሚገኝበት መሬት ጉልት ተብሎ ለደብሩ ይሰጣል። ለካህናቱና ለደብተራዎቹ ደግሞ በአገልግሎታቸው ልክ ሪም ይመደብላቸዋል። የሚያስተዳድር አለቃ ይሾማል። ስጦታው በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ምስክሮች በስም ይጠቀሳሉ፣ ያፈረሰው ሰው እንዲወገዝ ግዝት ይታሰራል። ምንትዋብም ቁስቋምን የተከሉት በዚሁ ሥርዓት ነው።

አሁን በውጭ አገር፣ በተለይ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሊቪንግ ትረስት የሚሉት ነገር በሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ሰው በቁሙ ንብረቱን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ማን እንደሚያስተዳድረውና ማን እንደሚጠቀምበት ይወስናል። ልዩነቱም ግን ትልቅ ነው። እቴጌይቱ የሰጡት በዘውዱ ሥልጣን ነው፤ ግብሩን የሚከፍለው ገበሬ ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

ዙፋኑን ለማውረስ ያደረጉት ጥረት ግን እንዲህ አልተሳካም። ኢያሱ 2ኛ በ1755 ሞቱ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሲነግሥ፣ ከኦሮሞ ባላባት ቤት የመጡት የኢዮአስ እናት ውቢት የእኔም ወገን ይሾም አሉ። የአያትና የእናት ወገን ተፋጠጠ። በዚህ መሃል የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ጦራቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ። በ1769 ኢዮአስ በእሳቸው ትእዛዝ ተገደለ። ሚካኤል ደግሞ ባዳ አልነበሩም፤ የምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ አማች ናቸው።

እቴጌይቱ በሐዘን ወደ ቁስቋማቸው ገቡ። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ያገኛቸው እዚያው ነው። በ1773 አረፉ።

ከሞቱ በኋላ ምን ሆነ? ጎንደር የመሳፍንት መጫወቻ ሆነች፣ ንጉሥ ይሾምና ይሻር ጀመር። ሪም ግን መሸጥና መወረሱን ቀጠለ፤ ውሉም በየደብሩ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶችም ነበሩበት። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለ፤ በኋላ እንደገና ተሠራ። በአገሪቱ የጉልት ሥርዓት ጨርሶ ያከተመው በ1967 ዓ.ም በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም ዛሬም ቁስቋም ነው ያለው።

እኛስ? የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ንብረትን በአደራ ጠባቂ እጅ አድርጎ ለሌላ ሰው ጥቅም ማስተዳደርን ይፈቅዳል፤ በስጦታም በኑዛዜም ሊቋቋም ይችላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ኑዛዜውን ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ መፈረም አለበት (አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃል)። በቃል ብቻ የተነገረ ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ሳይሞት 3 ወር ካለፈው ዋጋ የለውም። ስለዚህ አባባ ወይም እማማ ቤቱ የእገሌ ነው ብለው ቡና ላይ መናገራቸው አይበቃም።

ስለ ውርስ ማንሳት ሟርት የሚመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ምንትዋብ ግን በጉልበታቸው ሳሉ፣ ጽፈውና ምስክር ቆጥረው ነው የጨረሱት። በእናንተ ቤት ይህ ወሬ ተነስቶ ያውቃል? ኮመንት ላይ አውጉን።