ማርቲን ሉተር በአምባውና በጉባኤው

ክርስቲያን ለብቻው በእግዚአብሔር ፊት የሚቆምበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ከወንድሞቹ ማኅበርም ሊለይ አይገባውም። ይህን ሁላችን እናውቃለን፤ ሁለቱን አስተባብሮ መያዝ ግን ይከብደናል። አንዳንዶቻችን በሰው አዝነን ከጉባኤ እንርቃለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየሮጥን የጓዳችንን ጸሎት እንረሳለን። ስለዚህ የማርቲን ሉተርን ሕይወት በዚህ በኩል ጥቂት እንመልከት። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሉተር በ1483 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአይስሌበን ከተማ ተወለደ። በ1505 ዓ.ም. የሕግ ትምህርቱን ትቶ በኤርፉርት ወደ አውግስጢኖሳውያን ገዳም ገባ። በዚያም ጾመ፥ ሌሊት ተጋ፥ ደጋግሞም ተናዘዘ፤ ለኅሊናው ግን ዕረፍት አላገኘም። ከዓለም ቢለይም ኃጢአቱ ከእርሱ ጋር ወደ ክፍሉ ገብታ ነበርና። በዚያ ጭንቀት የማኅበሩ አለቃ ዮሐን ሽታውፒትስ ዓይኑን ከራሱ አንሥቶ የክርስቶስን ቍስል እንዲመለከት መከረው። በኋላም የሮሜን መልእክት ሲመረምር ሰው በእምነት እንደሚጸድቅ አስተዋለ። እንግዲህ የወንድም ቃልና ለብቻ የተደረገው ምርምር ሁለቱም ረዱት።

በሚያዝያ 1521 ዓ.ም. በዎርምስ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ የጻፈውን ለመካድ እንቢ አለ። ሲመለስም የሳክሶኒው መስፍን ፍሬዴሪክ ሕይወቱን ለማዳን በምስጢር አስይዞ በዋርትቡርግ አምባ ሸሸገው። ሉተር ጢሙን አሳድጎ፥ የባላባት ልብስ ለብሶ፥ ስሙንም ለውጦ ዐሥር ወር ያህል በዚያ ተቀመጠ። ሕመምና ፈተና አገኘው፤ ብቸኝነቱም ከበደው። ነገር ግን በከንቱ አልተቀመጠም። በዐሥራ አንድ ሳምንት ያህል አዲስ ኪዳንን ከግሪክ ወደ ጀርመንኛ ተረጐመ፤ መጽሐፉም በመስከረም 1522 ዓ.ም. ታተመ። በተዘጋ ክፍል የተሠራው ሥራ በየቤቱ ላለው ሕዝብ እንጀራ ሆነ።

በዚያው ጊዜ የቪተንበርግ ጉባኤ ታወከ። አንዳንዶች ሥዕሎችን ሰበሩ፤ ሥርዓቱንም በችኰላና በግድ ለወጡ፤ ደካሞቹም ተሰናከሉ። መስፍኑ እንዳይመጣ ቢያሳስበውም ሉተር በመጋቢት 1522 ዓ.ም. መሸሸጊያውን ትቶ ወደ መንጋው ተመለሰ። ከመጋቢት 9 ቀን ጀምሮ ስምንት ቀን በተከታታይ ሰበከ። ሰው ሁሉ ለራሱ እንደሚሞት፥ ስለዚህም ለራሱ ማመን እንዳለበት አስተማረ፤ ነገር ግን ደካማውን ወንድም በፍቅር መታገሥ እንደሚገባም ጨመረ። በቃሉ ብቻ፥ ያለ ኃይል፥ ጉባኤው ጸጥ አለ።

በ1525 ዓ.ም. ካታሪና ፎን ቦራን አገባ። የቀድሞው ገዳም ልጆች፥ ተማሪዎችና እንግዶች የሞሉበት ቤት ሆነ። በ1534 ዓ.ም. ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ቪተንበርግ መጥቶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ፤ ሉተርም በመልካም ተቀበለው።

በ1535 ዓ.ም. ጴጥሮስ ለሚባል ጠጕር አስተካካይ ስለ ጸሎት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈለት። በዚያም ልቡ ሲቀዘቅዝ መዝሙረ ዳዊትን ይዞ ወደ ጓዳው እንደሚገባ፥ ጊዜው ሲሆን ደግሞ ሕዝቡ ወደ ተሰበሰበበት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ነገረው። በየካቲት 18 ቀን 1546 ዓ.ም. በተወለደበት ከተማ ሲሞት ወዳጆቹ በአጠገቡ ነበሩ፤ እምነቱን ግን ራሱ መሰከረ።

ወገኖች ሆይ፥ በወንድሞቻችን አዝነን ከጉባኤ የራቅን እንደ ሆነ እንመለስ፤ ጉባኤው የታወከውም በሌለንበት ጊዜ ይሆናልና። በጉባኤ ብዛት የደከምን እንደ ሆነም በራችንን ዘግተን ቃሉን እንክፈት። በጓዳ ያልተቀበልነውን ለወንድሞቻችን ልንሰጥ አንችልም፤ በጓዳ የተቀበልነውንም ለራሳችን ብቻ ልናስቀር አይገባንም።